አንድ ጨርቅ፣ ሁለት ቀሚስ፦ የጃማይካ ኪንኬድን «አኒ ጆን» በአራት ኪሎ ስናነብ

ይህን ልቦለድ ያገኘሁት ከብሔራዊ ቲያትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ዳር ያገለገሉ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡት ከአንዱ ነው። ሻጩ «የጃማይካዋ ደራሲ ናት፤ የራስታዎች ታሪክ ነው» እያለ ከቦብ ማርሌይ ፎቶግራፍ ጎን አስቀምጦት ነበር። 400 ብር ጠራልኝና ሽፋኑ መታጠፉን ሳሳየው በ300 ብር ሰጠኝ። በዋጋው አላማርርም፤ ከገለጻው ግን አንድም ቃል ልክ አልነበረም። መጽሐፉ ስለ ራስታዎች የተጻፈ አይደለም፤ ጃማይካ ኪንኬድም የጃማይካ ሰው አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1949 የአንቲጓ ዋና ከተማ በሆነችው በሴንት ጆንስ ስትወለድ የወጣላት ስም ኢሌን ፖተር ሪቻርድሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ ኒው ዮርክ አቅራቢያ ባለ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሕፃናት እንድትጠብቅ ተልካ ከአገሯ ወጣች። መጻፍ ስትጀምር ደግሞ ቤተሰቦቿ ሥራዋን ስለማይወዱት እ.ኤ.አ. በ1973 ስሟን ቀይራ የሌላ ደሴት ስም ለራሷ አወጣች። ሻጩ ላይ መፍረድ እንግዲህ አይገባም፤ ስሙ የወጣው ለመደበቂያ ስለሆነ እስከ ለገሃር ድረስ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ቤት ፎቅ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ስምንት አንባቢዎች አለን። በዕድሜ ትልቁ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ትንሿ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በመካከል አንዲት ነርስ፣ ሁለት የቢሮ ሠራተኞች፣ አንድ ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አንዲት የልብስ ዲዛይነር እና የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅ እናት የሆንኩት እኔ አለን። መጽሐፉን የምናነበው በእንግሊዝኛ፣ የምንከራከረው በአማርኛ ነው፤ ይህ ልማድ ለዚህ መጽሐፍ ምን ያህል እንደጠቀመን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«አኒ ጆን» እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ፣ ከ150 ገጽ የማይበልጥ፣ ስምንት ምዕራፎች ያሉት አጭር ልቦለድ ነው። ምዕራፎቹ በሙሉ አስቀድመው የወጡት ደራሲዋ ከ1976 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በጸሐፊነት በሠራችበት በ«ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ነው። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ምዕራፍ ራሱን ችሎ እንደ አጭር ልብ ወለድ ይነበባል። ለሥራ ሰው ይህ ምቹ ነው፤ አንዱን ምዕራፍ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በታክሲ ውስጥ መጨረስ ይቻላል። ጉዳቱ አንድ ጊዜ የተነገረን ነገር አልፎ አልፎ እንደ አዲስ መነገሩ ነው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የተማረ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መዝገበ ቃላት ሳያበዛ ሊያነበው ይችላል። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን በ«እና» እየተያያዙ ይረዝማሉ፤ አንድ ሰው ሳይተነፍስ የሚያወራ ያህል ይሰማል።

ጋዜጣዊ ግምገማ ውስጥ የማይጻፍ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። በእጃችን የነበረው ቅጂ አንድ ብቻ ስለነበር ለቀሩት ሰባት ሰዎች ኮፒ አስደረግሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ኮፒ ቤት ከአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሁለት ትይዩ ገጾች ዘሎ ጠረዘልኝ፤ እኔም ሳላይ ተረከብሁ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አኒ ብይ መጫወት ተከልክላ ሳለ በድብቅ ያሸነፈቻቸውን ብዮች ከቤቱ ሥር ደብቃለች። እናቷ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ ዘዴ ትቀይርና በልጅነቷ የገጠማትን ትተርክላታለች፤ አንድ ጊዜ ከእርሻ እስከ ቤት ድረስ በጭንቅላቷ የተሸከመችው ያልበሰለ የሙዝ ዘለላ ውስጥ ትልቅ ጥቁር እባብ ተጠምጥሞ እንደነበር ያወቀችው ሸክሙን ካወረደች በኋላ ነበር። አኒ እናቷ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ሸክም ሥር ስትሄድ በዓይነ ሕሊናዋ አይታ ልቧ ይራራል፤ ልትናዘዝም አፏን ልትከፍት ትደርሳለች። የእኛ ኮፒ እዚህ ላይ ተቆረጠ።

የተቆረጠው ገጽ የያዘው ቀላል ነገር አልነበረም። እናቷ ልስልስ ባለ ድምፅ ብዮቹን ደግማ ስትጠይቃት አኒ በዚያ ድምፅ ውስጥ ሌላ እባብ ትሰማለች፤ እሷም የእናቷን ድምፅ በሚመስል ለስላሳና አታላይ ድምፅ ብይ የሚባል የለኝም፣ ተጫውቼም አላውቅም ትላለች። ሰባቱ ጓደኞቼ ይህን ስላላነበቡ አኒ ተናዝዛ፣ ተላቅሰው፣ ታርቀው ነበር ብለው ነው ወደ አምስተኛው ምዕራፍ የተሻገሩት። ቅዳሜ ስንገናኝ ነርሷ የእናትየዋን ጥበብ አድንቃ ተናገረች፤ ጋሼም «ልጅን በተረት ማሸነፍ የእኛም እናቶች ዘዴ ነው» አሉ። ዋናውን ቅጂ አውጥቼ የጎደሉትን ገጾች ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር በዚህች አነስተኛ ማኅበር ታሪክ ረጅሙ ነበር። አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆነልን፤ ገጽ ሲጎድልብን ሁላችንም ሳንነጋገር የሞላነው በእርቅ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እርቅ የሚነሳን መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በሞት ነው። የአሥር ዓመቷ አኒ ቤታቸው እስኪጠገን ከመቃብር ስፍራ ብዙም በማይርቅ ቤት ስትከርም ከሩቅ ቀብር ታያለች፤ ቀስ በቀስም የማታውቃቸውን ሰዎች ቀብር እየተከተለች መሄድ ትጀምራለች። አንዲት ትንሽ ልጅ በአኒ እናት ክንድ ላይ ትሞታለች፤ አስከሬኗን ለቀብር የምታዘጋጀውም የአኒ እናት ናት። ከዚያ በኋላ አኒ ለጥቂት ጊዜ የእናቷ እጅ እንዲነካት አትፈልግም። ይህ እጅ በመጽሐፉ ውስጥ እየደጋገመ ይመጣል፦ ልጅቷን በቅጠልና በአበባ በተፈላ ውኃ የሚያጥባት እጅ ነው፤ አንድ እሑድ ደግሞ በእኩለ ቀን አኒ ወደ ቤት ስትገባ በአባቷ ጀርባ ላይ ክብ እየሠራ ሲዘዋወር የምታየው፣ ነጭና አጥንት የሆነ መስሎ የሚታያት እጅ ነው። ደራሲዋ ምሳሌውን አታብራራም፤ እጁን ብቻ ደጋግማ ታሳየናለች። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ አጻጻፍ ያለው እዚህ ነው።

የቅጠሉ ውኃ ነገር በቡድናችን ውስጥ ሳቅ የፈጠረ ነበር። የአኒ አባት ከእናቷ 35 ዓመት የሚበልጥ አናጢ ነው፤ ከሌሎች ሴቶች የወለዳቸው ልጆች አሉት፤ እነዚያ ሴቶች በመተት ይጎዱናል ብለው ስለሚሰጉ ነው እናትና ልጅ በአንድ ገንዳ ውስጥ በቅጠል የሚታጠቡት። በደሴቲቱ «ኦቢያ» የሚባለው ይህ ጥበብ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚያስፈልገው የግርጌ ማስታወሻ በጣም ትንሽ ነው። የቢሮ ሠራተኛዋ ጓደኛችን «ይህን እኮ እኛ ሰፈር ሳልፈልግ እሰማዋለሁ» ስትል ሁላችንም የራሳችንን ጎረቤት አሰብን። ምዕራባውያን አንባቢዎች ይህን ክፍል እንደ እንግዳ ነገር ሲያደንቁት እኛ እንደ ቤት ነገር አለፍነው፤ ስለዚህ ትኩረታችን ሌላ ቦታ ላይ ዋለ።

ያ ሌላ ቦታ ቀሚሱ ነው። አኒ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ድረስ ቀሚሷ የሚሰፋው ከእናቷ ቀሚስ ጋር ከአንድ ጣቃ ነበር። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ጨርቅ ሊመርጡ ሄደው አኒ የወደደችውን ስታሳያት እናቷ ከእንግዲህ ዕድሜሽን ሙሉ እኔን መስለሽ መኖር አትችይም፣ የራስሽን ልብስ የምትለብሺበት ጊዜ ደርሷል የሚል መልስ ትሰጣታለች። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ አንድ አንቀጽ ነው። አኒ ግን መሬቱ ከእግሯ ሥር የሸሸ ያህል ይሰማታል።

የልብስ ዲዛይነሯ ጓደኛችን ይህን ክፍል ስናነብ በእጇ የነበረውን ስኒ አስቀመጠች። እሷ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽና ለገና ለእናትና ለሴት ልጅ በአንድ ጥበብ የሐበሻ ቀሚስ ትሠራለች፤ ትዕዛዙ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። የምታውቀው ጠብ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእኛ ዘንድ አንድ ዓይነት ልበሽ ብላ የምትለምነው እናት ናት፤ እንቢ የምትለው አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። የእኔም ቤት ያለፈው ዓመት ይኸው ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄጄ ያሠራሁት ቀሚስ እስከ ዛሬ በሳጥን ውስጥ ነው። ልጅ ስትርቅ እናት ታዝናለች፤ ይህ የተለመደ ሐዘን ስለሆነ ማጽናኛም አለው። ኪንኬድ ግን መቀሱን ለእናትየዋ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ልትለይ ሳታስብ እናቷ ቀድማ ቆረጠቻት። ዲዛይነሯ «እናት እንዲህ አትልም» አለች። ነርሷ «ትላለች፤ አንቺ የምትሰፊው ለማይሉት ነው» ብላ መለሰችላት።

ከዚህ በኋላ በየስብሰባችን የተመላለሰው ጥያቄ «ምን አደረገቻት?» የሚል ሆነ። መልስ የለውም። እናትየዋ ልጅቷን አትደበድባትም፣ አታስርባትም፣ ጥላት አትሄድም። በመጀመሪያው ምዕራፍ አሳ አምጪ ተብላ ቀብር ስታይ ረስታ በመዋሸቷ እራቷን ደጅ ለብቻዋ እንድትበላ ይፈረድባታል፤ ዛሬ አልስምሽም ያለቻት እናት ግን ሌሊት መጥታ ትስማታለች። በአምስተኛው ምዕራፍ ልጅቷ የማትወደውን፣ የዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ በሩዝ መልክ አዘጋጅታ ታበላታለች፤ ክፋት ከተባለ ክፋቱ ይህን ያህል ነው። ጥላቻው ግን እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም ሌላ ሰው ፊት ፈገግ ይላሉ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ፊታቸው ይለወጣል።

የደራሲዋን ሕይወት ያወቀ ሰው ምክንያቱ የት እንደሄደ መገመት ይችላል። ኪንኬድ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ብቸኛ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወንድሞች ተከታትለው ተወለዱ፤ በመጨረሻም የቤተሰቡን ችግር እንድታቃልል ከትምህርት ቤት እንድትወጣ ተደረገ። በልቦለዱ ውስጥ ወንድም የሚባል የለም። አኒ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእናቷ አንድያ ልጅ ናት፤ ከአገሯ የምትወጣውም ሕፃናት ልትጠብቅ ሳይሆን በእንግሊዝ ነርስነት ልትማር ነው። ማንም አንባቢ አንገቱን ነቅንቆ የሚቀበለው ምክንያት ደራሲዋ እጅ ላይ ነበር፤ አውጥታ ጣለችው። የሶፍትዌር ባለሙያው ይህን ስነግረው እንደ ጉድለት ቆጠረው። እኔ እንደ መጽሐፉ ታላቅ ውሳኔ እቆጥረዋለሁ። ወንድሞቹ ቢኖሩ ኖሮ ስለ አንዲት ቅናተኛ ልጅ እናነብ ነበር፤ ሲወገዱ የቀረው እናትና ልጅ ስለሆኑ ብቻ የሚጣሉ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ የሁለቱም ስም ደግሞ አኒ ነው።

ስለ ኮሎምበስ የሚተርከው አምስተኛው ምዕራፍ በውጭ አገር አንባቢዎችና ሐያስያን ዘንድ ብዙ የተጻፈበት ነው። የታሪክ መጽሐፋቸው ላይ ኮሎምበስ በሰንሰለት ታስሮ በመርከብ የሚታይበት ሥዕል አለ። አኒ ከሥዕሉ ሥር ታላቁ ሰው ከእንግዲህ ብድግ ብሎ መሄድ አይችልም የሚል ዓረፍተ ነገር በሚያምር የብዕር ጽሕፈት ትጽፋለች። መምህርቷ ስታይ ትቆጣለች፤ ቅጣቱም «የጠፋው ገነት» ከተባለው የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የሚልተን ረጅም ግጥም አንደኛና ሁለተኛውን መጽሐፍ መገልበጥ ይሆናል። አንቲጓ ከ1632 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ የቆየች፣ ነፃነቷን ያገኘችው ኖቬምበር 1 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. የሆነች፣ ስፋቷ 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ደሴት ናት፤ በስኳር አገዳ እርሻዎቿ ላይ የሠሩት ባሮች ልጆች የባሪያ ፈንጋዮቹን ታሪክ እንደ ጀግንነት ይማራሉ። ስለዚህ ብዙዎች እናትየዋን የቅኝ ገዥዋ አገር ምሳሌ አድርገው ያነቧታል። ደራሲዋ ራሷም የኃያልና የደካማ ነገር መጀመሪያ የገባት ከእናቷ ጋር በነበራት ግንኙነት እንደሆነ ተናግራለች።

ይህን ንባብ አልቃወምም፤ ፈጥኖ የሚደረስበት መሆኑ ግን ያሳስበኛል። ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር የአኒ ፈጠራ አይደለም። እናቷ ከተወለደችበት ደሴት ከዶሚኒካ በመጣ ደብዳቤ ላይ የገዛ አባቷ እግሩ አልታዘዝ እንዳለው አንብባ እየሳቀች የተናገረችው ነው፤ እሷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከአባቷ ተጣልታ ከዶሚኒካ በመርከብ የወጣች ሴት ናት። አኒ ኮሎምበስን የምትመታበት በትር የእናቷ ነው። እናትን እንግሊዝ ካልን ይህ በትር ከየት መጣ? ጋሼ በዚህ ጥያቄ ላይ የተናገሩት ትዝ ይለኛል። እሳቸው በልጅነታቸው እንግሊዛውያን መምህራን ባሉበት ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የእንግሊዝ ነገሥታትን ስም ከእኛ ነገሥታት ቀድመው በቃላቸው ይዘው ነበር። «ቅኝ አልተገዛንም ብለን ምዕራፉን ከላይ ሆነን እንዳናነበው» አሉ፤ ቀጥለውም «እኔ በሥዕሉ ሥር የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ የጻፍኩት ግን የለም» ብለው ሳቁ። ተማሪዋ ልጃችን በበኩሏ ስለ ኮሎምበስ ምንም አልተናገረችም፤ እሷን ያናደዳት የተሳሳተችው ልጅ የረጅም ግጥም ገልባጭ መሆኗ ነው። እዚህም ቤት አንድን ጽሑፍ ሃምሳ ጊዜ ጻፊ የተባለ ሰው ግጥም አይወድም።

አሁን ወደ ቋንቋው። አኒ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን በገበያ መንገድ ላይ ቆማ ከወንዶች ልጆች ጋር ስትነጋገር እናቷ ከሱቅ ውስጥ ታያታለች። ቤት ስትደርስ እናቷ በዶሚኒካ ፈረንሳይኛ ቀመስ ቋንቋ አንድ የነውር ቃል እየደጋገመች ትወቅሳታለች፤ ቃሉ እየበዛ ልጅቷ በእሱ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ የሰጠመች እስኪመስላት ድረስ። ቃሉን በአማርኛ ምን እንበለው? የቢሮ ሠራተኞቹ «ዘልዛላ» ይበቃል አሉ። ነርሷ «ዘልዛላ ያላት እናት ጉድጓድ አትሞላም፤ የሰፈሩ ቃል ይግባ» አለች። ባልስማማበትም አሸነፈችን።

የባሰው ግን የአኒ መልስ ነው። አኒ እንደ አባት እንደ ልጅ፣ እንደ እናት እንደ ሴት ልጅ ብላ ስድቡን ወደ እናቷ ትመልሳለች። በእንግሊዝኛ ልጅና እናት የሚጠራሩበት ተውላጠ ስም አንድ ነው፤ በአማርኛ ግን ተርጓሚው ገና ከመጀመሪያው ገጽ አኒ እናቷን «እርስዎ» ትበል ወይስ «አንቺ» ብሎ መወሰን አለበት። ጋሼ እናታቸውን እስከ ሞቱባቸው ቀን ድረስ «እርስዎ» ነው የሚሉት፤ ልጄ እኔን «አንቺ» ትለኛለች፤ ሁለታችንም የምናነበው አንድ መጽሐፍ አይደለም ማለት ነው። «እርስዎ» ስትል የኖረች ልጅ ያንን መልስ ስትሰጥ ቤቱ ይፈርሳል፤ «አንቺ» ስትል የኖረች ልጅ ስትሰጠው በር ይዘጋል። ተማሪዋ ሦስተኛ መንገድ አመጣች፦ እስከዚያች ቅጽበት «እርስዎ» ትበል፣ በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ «አንቺ» ትበል። በዚህ ላይ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው የእኛው ተረት ስለታወሰ መልሱን በተረቱ መልክ ልንተረጉም ሞከርን፤ በጣም ስላማረ ተውነው። አኒ በዚያች ሰዓት የምታሳምረው ነገር የላትም።

ከዚሁ ጋር የኪንኬድን ሌላ አጭር ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያው መጽሔት የወጣውንና አንዲት እናት ለልጇ የምትደረድረውን ትእዛዝ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር የያዘውን «ገርል» የተባለ ጽሑፍ አብረን አነበብን። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ጾታ የለውም፤ ሴት ልጅ መሆኗን የምናውቀው «ሴት ልጅ» ከሚለው ርዕሱና ከሥራው ዓይነት ነው። በአማርኛ ስናነበው እያንዳንዱ ግስ «እጠቢ፣ አስጪ፣ ጥረጊ» እያለ ሴትነቷን ይቸነክርባታል። ተማሪዋ ጮክ ብላ ስታነበው ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩን፤ የሚገሠጹት እነሱ መስሏቸው ይሆናል።

መጽሐፉ ድክመት የለውም አልልም። አባትየው ጥሩ ሰው መሆኑን ተነገረን እንጂ አላወቅነውም። በትምህርት ቤት አኒ ከልቧ የምትወዳት ግዌን ወደ መጨረሻው ልታገባ የተዘጋጀች ተራ ልጅ ሆና ስትቀርብ ደራሲዋ ከአኒ ጋር አብራ ትንቃታለች፤ ይህ ለግዌን ፍትሕ አይመስለኝም። የአኒ የድብቅ ጓደኛ የሆነችው ያቺ የማትታጠብ፣ ዛፍ የምትወጣ፣ ጸጉረ ቀይ ልጅ በአንድ ምዕራፍ መጥታ ወደ ሌላ ደሴት ተልካ መጥፋቷም ይቆጫል። ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥ አኒ ከሦስት ወር በላይ ትታመማለች፤ ዝናቡም እንዲሁ ሳያቋርጥ ይዘንባል፤ ሁለቱም አብረው ያበቃሉ። ይህ መገጣጠም ለእኔ ከልክ በላይ የተስተካከለ ነው፤ የክረምቱን ዝናብ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ዝናብ ሲያቆም ጭቃው እንደሚቀር ያውቃል። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ያለው የፎቶግራፎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። ታማሚዋ ልጅ ተነሥታ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች በሳሙናና በውኃ ታጥባቸዋለች፤ የእናትና የአባቷ ሥዕል ከወገብ በታች ይጠፋል፤ ከራሷ ፎቶ ደግሞ ከእናቷ ጋር የተጣላችበት ጫማ ብቻ ይቀራል። ዶሚኒካ ያለችው አያቷ መርከብ በማይመጣበት ቀን እንዴት እንደመጣች ሳይታወቅ ደርሳ ስታስታምማትም አያትየው ከተአምር ይልቅ ዘመድ ሆና ነው የምትታየው።

በመጨረሻው ምዕራፍ አኒ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከቤታቸው እስከ ወደቡ በእናትና በአባቷ መካከል እየሄደች የተማረችበትን፣ የተላከችበትን፣ የታከመችበትን እያንዳንዱን በር ታልፋለች፤ ይህ አካሄድ የግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ዕድሜዋ በሙሉ በዚያ ይበቃል። ነርስነት እንደማትፈልግ ግልጽ ነው፤ ባሪያ ሁኚ ቢሏትም ትሄድ ነበር ለማለት ይቃጣል። ነርሷ ጓደኛችን በዚህ አልተቀየመችም፤ «እኔም ስገባ የፈለግኩት ሙያውን ሳይሆን ከቤት መውጣቱን ነበር፤ ሙያውን የወደድኩት ቆይቶ ነው» አለች። በመርከቡ ላይ እናቷ አጥብቃ ታቅፋትና የትም ብትሄጂ እናትሽ ነኝ፣ ይህም ቤትሽ ነው ትላታለች። ቦሌ የሸኘ ሁሉ ይህን ብሎ ያውቃል፤ አኒ ግን ምርቃቱን እንደ ወጥመድ ትሰማዋለች። ጋሼ እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፉት። «እናት የመረቀችውን እንዲህ የምትሰማ ልጅ የት ትደርሳለች?» አሉ። ዲዛይነሯም አብራቸው ቆመች። ለሁለቱ መጽሐፉ ምስጋና ቢስ ነው፤ በሌላው ዓለምም አንባቢዎች አኒን አልወደድናትም ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። እኔ ደግሞ ልጅም እናትም ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ከአኒ ጋር መርከቡ ላይ ነበርሁ፤ በሁለተኛው እጇን እያውለበለበች ነጥብ እስክትሆን ከምትርቀው ሴት ጋር።

ለማን ልጠቁመው? ታሪክ እንዲሆን፣ ነገር እንዲያልቅ ለሚፈልግ አንባቢ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሶፍትዌር ባለሙያው ጓደኛችን እስከ መጨረሻው «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ጨርሶታል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ለማስተማሪያነት ሲያገለግል የኖረ መጽሐፍ ነው፤ የእኛም የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራን ቢያዩት እወዳለሁ፤ ቀላል እንግሊዝኛና ከባድ ጉዳይ አንድ ላይ በአጭር መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ይከብዳልና። እናትና ልጅ አብረው ቢያነቡት ጥሩ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ለልጄ ሰጥቼያት በሦስት ቀን ጨርሳ መለሰችልኝ፤ እንዴት ነው ብላት «እናትየዋ ትክክል ነበረች፤ የራሷን ትልበስ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ለሚቀጥለው ወር የመረጥነው የዚችው ደራሲ «ሉሲ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሲሆን ከደሴቷ ወጥታ አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት ስለምትጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይተርካል፤ አኒ በመርከብ ያቆመችበትን ሌላ ልጅ የቀጠለችው ያህል ነው። ተማሪዋ ስሙን ሰምታ ስለ ድንቅነሽ መስሏት ነበር። የዋናው ቅጂ ባለቤት አሁንም እኔ ነኝ፣ የኮፒው ኃላፊም እኔው ነኝ፤ ኮፒ ቤቱን ግን ቀይሬያለሁ፣ ከመክፈሌ በፊትም እዚያው ቆሜ ገጾቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።